ባዶውን ክፍል ሳስጎበኝ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ልጄ ሄርሜላ እራት ላይ ሥራዬ በትክክል ምን እንደነበር ጠየቀችኝ። እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ ነው የጠየቀችኝ። አባቷ ሙዚየም ውስጥ እንደሚሠራ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ግን ሰው እያስከተሉ ከክፍል ክፍል መዞር እንዴት የአንድን ሰው የሥራ ዘመን እንደሚሞላ አልገባትም። አሁን ጎብኚው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ የተቀዳ ድምፅ እየሰማ ብቻውን ነው የሚዞረው። በእኔ ቦታም ሰው አልቀጠሩም። እኔም መልስ ጀመርኩላትና ስለ አንዱ ክፍል ሳወራ እራቱ ቀዘቀዘ። ለእሷ የነገርኳትን ነው እዚህ የማሰፍረው። በሥራዬ ብዙ ተሳክቶልኛል፤ ከሁሉም የምኮራበት ግን ይህ ነው።

ሲያትል የገባሁት በፈረንጆች ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ በካርቱም በኩል ነው። አገር ቤት ነቀምት ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነበርኩ። እዚህ የመጀመሪያ ሥራዬ ዴ ሞይን ውስጥ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል፣ አንሶላ ማጠብና ማጠፍ ሆነ። ያስገቡኝ የላውንደሪው ኃላፊ ጋሽ ምትኩ ናቸው። ጋሽ ምትኩ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነበሩ። ያን ጊዜ የራሳችን ሕንፃ ስላልነበረን እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ፈረንጆቹ ፕሮግራማቸውን ጨርሰው ሲወጡ፣ ምድር ቤታቸውን ተውሰን እንሰበሰብ ነበር። ግማሾቻችን ከመሐል አገር፣ ሌሎቹ ከአስመራ፣ አንዳንዶቹም አዲስ አበባ ያደጉ ኤርትራውያን ነበሩ። ጋሽ ምትኩ ለአዲስ መጪ ሁሉ ቤት ፈላጊ፣ ሥራ አስገቢ፣ አስታራቂ ናቸው። እኔንም ቡሪየን ካለው ቤታቸው ምድር ቤት ውስጥ አንድ ክረምት ሙሉ አስጠግተውኛል። አባቴ ቢኖር ከዚያ የበለጠ አያደርግልኝም ነበር።

የማታ እንግሊዝኛ የምታስተምረን ሴት ሙዚየሙ የጥበቃ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ነገረችኝ። ደመወዙ ከሆቴሉ ትንሽ ይሻላል፤ ከሁሉ በላይ ግን ስለ ጥንት ዘመን የሚወራበት ቦታ ነበር። ሙዚየሙ ከወደቡ በላይ ዳገቱ ላይ የተሠራ፣ ትልቅ የማይባል፣ የጥንታዊ ምሥራቅ አገሮች ዕቃና ቅጂ የተሰበሰበበት ቤት ነው። የግብፅ ክፍል በር ላይ ቆሜ ዓመት ያህል ጠበቅሁ። እዚያ ቆሜ ነው የሚስስ ሊንድን አሠራር የለመድኩት።

ሚስስ ሊንድ የአስጎብኚዎች አለቃ ነበሩ። ወላጆቻቸው ከኖርዌይ መጥተው ባላርድ የሰፈሩ ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ረጅም ዘመን ትንንሽ ልጆች ያስተማሩ። አጭር፣ ቀጭን፣ ዝናብም ፀሐይም ቢሆን ያንኑ ቡናማ ሹራብ የሚለብሱ ሴት። ሌላው አስጎብኚ ሁሉ ከዕቃው ጎን ቆሞ ፊቱን ወደ ሰው ያዞራል። እሳቸው ግን ከሰዎቹ ኋላ ይቆማሉ። ድምፃቸው ከጀርባ ስለሚመጣ ሰው የሚያየው እሳቸውን ሳይሆን ዕቃውን ነው። በር ላይ አንድ ጥያቄ ይጠይቁና መልሱን ሳይናገሩ ወደ ውስጥ ያስገባሉ። ምሳቸውን ቢሮ አይበሉም፤ አዳራሹ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳንድዊቻቸውን እየቆረሱ የጎብኚዎችን እግር ይመለከታሉ። ፊት ሊያስመስል ይችላል፣ እግር ግን ሲሰለቸው ወደ በሩ ይዞራል ይሉኝ ነበር። መነጽራቸውን የሚያወልቁት አንድ ነገር ልባቸውን ሲነካቸው ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት ሁለት አስጎብኚዎች ታመው ቀሩ፤ የተማሪዎች አውቶቡስ ደግሞ በር ላይ ቆሟል። ሚስስ ሊንድ ወደ እኔ መጥተው፣ በየቀኑ ስትሰማኝ ኖረሃል፣ በል እነዚህን ይዘህ ግባ አሉኝ። የጥበቃ ኮፍያዬን አውልቄ ገባሁ። እንግሊዝኛዬ ይሰባበር ነበር፤ ግን መምህር ነበርኩና ከልጆች ፊት መቆም አልጠፋኝም። ስንወጣ ከልጆቹ አንዷ ዳግመኛ ከመጀመሪያው እንጀምር ብላ ለመነችኝ። በቀጣዩ ወር አስጎብኚ ሆንኩ።

ብዙም ሳይቆይ አዲስ ዳይሬክተር መጣ፤ ሚስተር ካልደር ይባላል። ኖርዝጌት ሞል ውስጥ የአንድ ትልቅ ሱቅ ሥራ አስኪያጅ የነበረ፣ ቀልጣፋና ቅን ሰው ነው። ሙዚየሙ ሊዘጋ ተቃርቦ ስለነበር ያዳነው እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። ይሁን እንጂ ልማዱ የሱቅ ነው፤ ባዶ መደርደሪያ ሲያይ ያመዋል። በዚያው ዓመት ደግሞ ዶክተር ሌቪን የሚባል የዩኒቨርሲቲ ሰው ያቀደው አዲስ ትርዒት ተከፈተ። የእኔም ትልቁ ፈተና ከዚያ ጀመረ።

ትርዒቱ ሦስት ቤተ መቅደሶች ነበር፤ የግብፅ፣ የባቢሎንና የጥንት ዕብራውያን። አናጺዎቹ የየአንዳንዱን የውስጠኛ ክፍል፣ ማለትም ካህኑ ብቻ የሚገባበትን ቅድስተ ቅዱሳን፣ ሰው ገብቶ እንዲቆምበት አድርገው ሠርተውታል። ግብፅ ስትገባ በወርቅ ቅብ የተለበጠ የአምላክ ምስል ትንሽ ሣጥን ቤት ውስጥ ቆሟል። ባቢሎን ደግሞ ጢሙ የተጠቀለለ፣ ዘውድ የደፋ አምላክ ዙፋን ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱ ገበታ ቀርቦለታል። ሦስተኛው የዕብራውያን ነው። ኪሩቤል ክንፋቸውን ዘርግተዋል፤ ክንፎቹ መካከል ግን ማንም የለም። ከክፍሉ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ የሸክላ ኩራዝ፣ የድንጋይ ሚዛን፣ የማሰሮ ጆሮና ከጥንት የይሁዳ መኖሪያ ቤቶች ፍርስራሽ የተገኙ ትንንሽ የሴት ምስሎች ቅጂ ተደርድረዋል።

ዶክተር ሌቪን ክረምቱን ሙሉ አሠለጠነን። ሕንፃው የጎረቤቶቻቸው ዓይነት ነው፣ መሠዊያ አላቸው፣ ካህናት አላቸው፣ የጥፋት ውኃ ታሪክ በባቢሎንም ነበር፣ በሬና ዘይት በሁሉም ዘንድ ይቀርብ ነበር እያለ ይነግረን ነበር። ልዩነቱ የት ላይ እንደሆነ እንዲታይ ነው ሦስቱን ክፍሎች እኩል መጠን ያሠራቸው። ሐሳቡ ድንቅ ነበር። ጎብኚው ግን አልገባውም። ሁለቱን ክፍል እያደነቀ ያልፍና ሦስተኛው ጋ ሲደርስ አንገቱን ብቅ አድርጎ ይመለሳል። ምስሉ ለጥገና ሄዶ ነው ወይ ብለው የሚጠይቁን ብዙ ነበሩ። አንድ ሽማግሌ መርከበኛ ደግሞ ከልቡ አዝኖ፣ ገንዘብ አልቆባችሁ ነው አይደል ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ሚስተር ካልደር፣ ክፍሉ የተሟላ ነው የሚል ጽሑፍ በር ላይ አሰቀለ፤ ያመነው አልነበረም።

በዚህ መሐል ጋሽ ምትኩ የቤተ ክርስቲያናችንን ሰዎች ይዘው ሊጎበኙን እንደሚመጡ ነገሩኝ። ደስታዬ ወሰን አጣ። ሰዉ ሁሉ የክት ልብሱን ለብሶ፣ ልጅ አዝሎ፣ በሁለት ቫን ተጭኖ መጣ። እኔ መምህራቸው ነኝ፤ መምህር ሽፈራው ነው የሚሉኝ። የማውቀውን ሁሉ ላሳያቸው ፈለግሁ። ከኮሪደሩ ጀመርኩ። የባቢሎንን የጥፋት ውኃ ጽላት አሳየሁ፤ ከዕብራውያኑ ጽሑፍ በዕድሜ እንደሚበልጥ አስረዳሁ። ቀጥዬ ትንንሾቹን የሴት ምስሎች ማሳየት ጀመርኩ። እነዚህ በኢየሩሳሌም ቤቶች ጭምር ተገኝተዋል፣ ሕዝቡ እንደ ጎረቤቶቹ እነዚህን በየቤቱ ያስቀምጥ ነበር አልኩ። ወደ ኋላዬ ዘወር ስል ጋሽ ምትኩ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«አንተ ልጅ፣ ይህን ልታሳየን ነው ያስገባኸን?»

ልመልስ ስል እጃቸውን አነሡ። ሳይቆጡ፣ ድምፃቸውንም ከፍ ሳያደርጉ፣ ሕዝቡን ይዘው ወጡ። ሦስተኛውን ክፍል አንዳቸውም አላዩትም። ከደጅ ዝናቡ ይወርዳል፤ ቫኖቹን ራቅ አድርገው ፓርክ ስላደረጉ እናቶች ልጆቻቸውን በጃኬት ሸፍነው ሲሮጡ በመስኮት አየኋቸው። እሑድ ሰላምታ አልነፈጉኝም፤ ግን ሰላምታው አጭር ነበር። ሽፈራው ትምህርት አሳተው የሚል ወሬ ቡሪየን ደርሶ ተመለሰ። በአስተማሪነት ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ቀን የወደቀብኝ ትምህርት የለም። በዚያው ሳምንት ሚስተር ካልደር ሰብስቦን፣ ሦስተኛው ክፍል በጋው ሲያልቅ እንደሚፈርስና በቦታው የጥንት ጌጣጌጥ እንደሚገባ ነገረን። ከመወሰኑ በፊት ግን የቦርድ አባላት መጥተው ያዩታል አለ።

ሚስስ ሊንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች በመጡ ዕለት ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ቆመው ነበር። አማርኛ አይሰሙም። ምሳቸውን የሚበሉበት ወንበር ላይ አስቀመጡኝና ያዩትን ነገሩኝ። ሰዎቹ ሲገቡ እግራቸው ወደ ውስጥ እንደነበር፣ ሴቶቹ የሩቁን ክፍል ለማየት ተረከዛቸውን እንዳነሡ፣ እኔ ግን ደጅ ላይ እንዳቆየኋቸው።

«መልስ ሰጠሃቸው» አሉኝ፤ «ገና ጥያቄው ሳይመጣባቸው። ባዶ ክፍል የሚታየው አንድ ነገር ሊፈልግ ለገባ ሰው ነው። በመጀመሪያ እንዲፈልጉ አድርግ።»

ከዚያ በኋላ ሥራዬን እንደገና ተማርኩት። ሚስስ ሊንድ እንደሚያደርጉት ከኋላ መቆም ጀመርኩ። ኮሪደሩን ወደ መጨረሻ አዛወርኩት። ግብፅ በር ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፤ ይህ አምላክ ምን ይፈልጋል? ያንኑ ጥያቄ ባቢሎን በር ላይ እደግመዋለሁ። ሦስተኛው በር ላይ ምንም አልልም። አፌን መዝጋት ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው፤ መምህር ዝምታ ሲመጣ መሙላት ይወዳል። መጀመሪያ በተማሪዎች ሞከርኩት፣ ቀጥሎ ከአላስካ በተመለሱ ዓሣ አጥማጆች፣ ቀጥሎ ከሲዋርድ ፓርክ በመጡ አይሁዳውያን አዛውንቶች። አንድ ቀን ብርቱካንማ ልብስ የለበሰ የካምቦዲያ መነኩሴ ብቻውን ገብቶ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ቆመ፤ ሲወጣ እጅ ነሥቶኝ ሄደ። እግሮች ወደ በሩ መዞራቸውን እያቆሙ ነበር። እኔ ግን የምፈልጋቸው እግሮች ሌሎች ናቸው።

አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ በአውቶቡስ ዴ ሞይን ሄድኩ። ጋሽ ምትኩ ላውንደሪ ውስጥ ናቸው፤ ማድረቂያዎቹ ይጮኻሉ። ሳልጠየቅ የአንሶላውን ሌላኛ ጫፍ ያዝኩና እንደ ድሮው አብረን ማጠፍ ጀመርን።

«ጋሽ ምትኩ፣ አንድ ጊዜ ደግመው ይምጡልኝ።»

«ያየነውን አይተናል። ምን ቀረ?»

«ያላሳየኋችሁ ቀረ።»

አንሶላውን አጥፈው አስቀመጡና አዩኝ። «ሽፈራው፣ እውነቱን ንገረኝ። እምነትህ አለ?»

«አለ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን እንደሌለው ሰው አወራህ?»

እዚያ ቆሜ መስበክ እንደማልችል ነገርኳቸው። ሥራዬ ስብከት አይደለም፤ ለአይሁዱም፣ ለመነኩሴውም፣ ለማያምነውም የምናገረው አንድ ነው። ግን አይታችሁ ራሳችሁ የምትፈርዱት ነገር አለ አልኳቸው። ሌላ አንሶላ አነሡ። ብዙ አጠፍን።

«እኔ እዚያ አፌን አልከፍትም» አሉ በመጨረሻ። «ሴቶቹ ይጠይቁህ። እነሱን ከመለስክላቸው ይበቃኛል።»

ሴቶቹ ያሏቸው እዚያው ሆቴል ክፍል የሚያጸዱትን ነው፤ አብዛኞቹ የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች ናቸው። ቋሚ የዕረፍት ቀን ስለሌላቸው እሑድም ቢሆን ለሥራ በስልክ ኮል ከተደረገላቸው ይሄዳሉ። ቀን ስንፈልግ ለሁሉም የሚሆን ጠፍቶ ሥራ ሲጨርሱ ከነዩኒፎርማቸው ለመምጣት ተስማሙ። ያን ቀን ሚስተር ካልደር የቦርድ አባላቱን እንደሚያመጣ የሰማሁት በዋዜማው ነው። ሚስስ ሊንድ ለቦርዱ ሌላ ቡድን እናሳያቸው ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ አይሆንም አልኩ።

ውኃ ሰማያዊ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ መጡ። ጋሽ ምትኩ ከኋላ ሆኑ። ሚስተር ካልደርና ሁለት የቦርድ አባላት ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። እኔ የምናገረው በአማርኛ ስለሆነ እነሱ የሚያዩት ሰዉን ብቻ ነው።

ግብፅ በር ላይ ጥያቄዬን ጠየቅሁና አስገባኋቸው። ካህኑ በየማለዳው የበሩን ማኅተም ቆርጦ እንደሚገባ፣ ምስሉን ቀስቅሶ እንደሚያጥብ፣ ዘይት ቀብቶ፣ አልብሶ፣ ምግብ አቅርቦለት እንደሚወጣ ነገርኳቸው። ከሴቶቹ መካከል እትዬ ለተብርሃን የሚባሉ፣ አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ ቁም ነገረኛ እናት አሉ። ምስሉን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ «ክፍሉንስ ማን ያጸዳለታል?» አሉ።

«ካህናቱ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«እንግዲያስ ቼክ አውት የለውም፣ ክፍል አይለቅም በሉና!»

ሳቁ አዳራሹን ሞላው። የቦርድ አባላቱ ምን እንደተባለ ባያውቁም ፈገግ አሉ።

ባቢሎን ስንገባ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። የዚያን አገር ሰዎች የፍጥረት ታሪክ ተረክሁላቸው። በመጀመሪያ አማልክት ብቻ ነበሩ፤ ቦይ የሚቆፍሩትም ቅርጫት የሚሸከሙትም ታናናሾቹ ናቸው። ሥራው ሲመርራቸው አመፁ። ታላላቆቹም መክረው ሰውን ፈጠሩ፤ አማልክት እንዲያርፉ ሰው ሸክማቸውን ይሸከም ተባለ። ከሴቶቹ አንዷ የእጅ አንጓዋን እያሸች ታዳምጠኛለች። ቀጥዬ ይህ ባለ ዘውድ በቀን ሁለቴ ገበታ እንደሚቀርብለት፣ ከተማው በጠላት ሲያዝ ደግሞ ምስሉ በሠረገላ ተጭኖ እንደሚማረክ፣ ሕዝቡም አምላካችን ተሸነፈ ብሎ እንደሚያለቅስ ነገርኳቸው።

«ሶ፣ በእነሱ ቤት ሰው የተፈጠረው ሊያጸዳላቸው ነው?» አሉ እትዬ ለተብርሃን።

«በእነሱ ቤት፣ አዎ።»

ሦስተኛውን በር ከፈትኩና ዝም አልኩ። ገቡ። ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ ነው። ዐይናቸው ለምዶ ክንፎቹን አዩ፤ ክንፎቹን ተከትለው ወደ መካከሉ አዩ። መካከሉ ላይ የሚያርፉበት አጡ። ምላሴ ላይ የመጣውን ሁሉ ዋጥኩት። የእጅ አንጓዋን ስታሽ የነበረችው እንኳ ማሸቷን አቆመች። በመጨረሻ እትዬ ለተብርሃን በዝግታ፣ «ይሄኛውስ ምን ይፈልጋል?» አሉ።

ይህችን ጥያቄ ለወራት ጠብቄያታለሁ። ቤቱ የጎረቤቶቹን እንደሚመስል፣ በሬና ዘይት እንደነሱ እንደሚቀርብ አልደበቅሁም። ነገር ግን አልኩ፣ በዚህ ሕዝብ መካከል ነቢያት የሚባሉ ተነሥተው፣ አምላካችን አይራብም፣ ከበሬያችሁ ይልቅ የሚፈልገው ለመበለቲቱ እንድትፈርዱላት ነው አሉ። ግብፅ ንጉሡ ራሱ የአምላክ ልጅ ሆኖ ይሰገድለታል፤ እዚህ ግን ንጉሥም ከሕጉ በታች ነው። ሥልጣን የሌለው ተራ ሰው ቤተ መንግሥት ገብቶ፣ የድሃውን መሬት ነጥቀሃልና አምላክ ይፋረድሃል ሊለው ይችላል። ስለ መንግሥት ሲነሣ ድምፅ ዝቅ ማድረግ የለመድን ሰዎች ስለሆንን፣ ይህን ስል ብዙዎቹ ቀና ብለው አዩኝ።

ከዚያ ወደ ዕረፍቱ ሄድኩ። በባቢሎን አማልክት ያርፉ ዘንድ ሰው ይለፋል። በዕብራውያን ዘንድ አምላክ ራሱ ሠርቶ አረፈ፤ ዕረፍቱንም ለብቻው አልያዘውም፣ በየሰባቱ ቀን እንዲያርፉ ለሰዎች ሰጠ።

«ዕረፍቱ ለማን ለማን ነው?» አሉ እትዬ ለተብርሃን።

«ለሁሉም። ለጌታው፣ ለልጆቹ፣ ለአሽከሩ፣ ለመጻተኛው፣ ለበሬው ሳይቀር።»

«ለገረዲቱስ?»

«ለገረዲቱም። ሕጉ ላይ ተጠቅሳለች።»

ይህን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙት የኖሩት ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን፣ ሁለቱን አልፈው ከመጡ በኋላ፣ እንደ አዲስ ሰሙት። እትዬ ለተብርሃን ሽርጣቸውን ይዘው ቆሙ። ባቢሎን መጥታ ይህን ቤት ስታፈርስ ዕቃውን እንጂ የምትማርከው አምላክ እንዳላገኘች፣ ተማርከው የሄዱትም እንደ ሌላው ሕዝብ አምላካችን ተሸነፈ ብለው የአሸናፊውን ከመቀበል ይልቅ፣ የእኛ አምላክ የባቢሎንም ጌታ ነው እንዳሉ ስነግራቸው፣ ከመካከላቸው አንዷ አሜን አለች።

አሁን ኮሪደሩ ቀረ። እነዚያ ትንንሽ የሸክላ ሴቶች ፊት ስንደርስ ቆምኩ። ልዘላቸው እችል ነበር፤ አልዘለልኳቸውም። እነዚህ የተገኙት በይሁዳ ቤቶች ውስጥ ነው፣ ምን ያደርጉባቸው እንደነበር ምሁራን እስካሁን ይከራከራሉ፣ ብዙዎቹ ግን ለአምልኮ ነበሩ ይላሉ አልኩና ወደ ኋላ ዞርኩ። ጋሽ ምትኩ አልናገርም ያሉትን ረስተው ወደ መስተዋቱ ተጠጉ።

«ታዲያስ! ነቢያቱ ማንን ነው ሲቆጡ የኖሩት?» አሉ ወደ ሴቶቹ ዞረው። «ግብፅን ብቻ መሰላችሁ? የገዛ ጎረቤታቸውን ነበር፤ የየቤቱን መደርደሪያ ነበር። ይህ ሸክላ እኮ የእነሱ ምስክር ነው። ሁሉም ምስል የሌለውን አምላክ በቀላሉ ተቀብሎ ቢሆን፣ ያን ሁሉ ጩኸት ምን አመጣው?»

ከዚያ ወደ እኔ መጥተው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ። «ደህና መምህር ነህ» አሉኝ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ምስጋና ተቀብያለሁ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለም አለ፤ እንደዚያ ያለ አላገኘሁም።

ሚስተር ካልደር ከግድግዳው ተነሥቶ መጣ። ሰዎቹ ባዶ ክፍል ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ ምን ሲያዩ እንደቆዩ ጋሽ ምትኩን ጠየቃቸው። ጋሽ ምትኩ በላውንደሪ እንግሊዝኛቸው መለሱ።

«ሰር፣ እነዚያ ክፍሎች ውስጥ ያለው በሰው የተሠራ ነው። እዚህ ያለው አልተሠራም።»

ዳይሬክተሩ የቦርድ አባላቱን ይዞ ወደ ሦስተኛው ክፍል ገባ፤ ሦስቱም ቶሎ አልወጡም። ሚስስ ሊንድን ስፈልጋቸው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን በሹራባቸው ይጠርጋሉ።

ክፍሉ አልፈረሰም። ሚስተር ካልደር ያን ማንም ያላመነውን የበር ጽሑፍ በገዛ እጁ አነሣው፤ ጌጣጌጡ ሌላ ቦታ ተፈለገለት። አስጎብኚ ሁሉ በእኔ ቅደም ተከተል እንዲሄድ ታዘዘ። በቀጣዩ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ሰልፉ ደጅ ይደርስ ነበር፤ ምኩራቡም መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም፣ ምንም የማያምነውም ይመጣል። ዶክተር ሌቪን ተማሪዎቹን እያመጣ ከኋላ ቆሞ ያዳምጠኝ ጀመር። ሚስስ ሊንድ ጡረታ ሲወጡ ቦታቸውን ለእኔ አስረክበው ሄዱ፤ እኔም እስከ መጨረሻው ከሰው ኋላ እንደቆምኩ ሠራሁ።

ሌላው ድል ግን የሙዚየሙ አይደለም። ከጉብኝቱ ጥቂት ሳምንታት በኋላ እትዬ ለተብርሃንና የሥራ ጓደኞቻቸው ጋሽ ምትኩን ይዘው ወደ ሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ገቡ። አብረዋቸው የሚያጸዱ የፊሊፒንስ ሴቶችም ተከተሏቸው። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ በሳምንት አንድ የታወቀ ቀን፣ ስልክ የማይደወልበት። ሥራ አስኪያጁ ክፍሎቹን ማን ያጸዳል አለ። እትዬ ለተብርሃን እየተፈራረቁ እንደሚሸፍኑ፣ የፊሊፒንሶቹ ሌላ ቀን እንደሚሻላቸው፣ ሁሉንም ተነጋግረው እንደጨረሱ አስረዱት። አስብበታለሁ አለ። ጋሽ ምትኩ ደግሞ ኮፍያቸውን ይዘው፣ አስብበት፣ እስክታስብ ግን አንሶላ የሚያጥብ የለም አሉት። እሺታው የመጣው ቀኑ ሳይመሽ ነው።

በመጀመሪያው የዕረፍት እሑድ ምድር ቤቱ ከወትሮው ቀደም ብሎ ሞላ። ለወትሮ በየወንበሩ የሚያንቀላፉት እናቶች ዐይናቸው በርቶ ተቀምጠዋል። እትዬ ለተብርሃን የሐር መሐረብ አስረው፣ ተረከዝ ያለው ጫማ አድርገው፣ ቀስ ብለው ደረጃውን ወረዱ። ተነሥቼ ቦታ ለቀቅሁላቸውና ጠዋቱን ምን ሲሠሩ እንዳረፈዱ ጠየቅኋቸው።

«ምንም» አሉኝ፤ እንደ ንግሥት ቀና ብለው። «መምህር፣ ምንም አልሠራሁም።»

ጋሽ ምትኩ ከፊት ቆመው መዝሙሩን ጀመሩ፤ የእትዬ ለተብርሃን ድምፅ ከሁላችንም በላይ ይሰማ ነበር።